ቅንፍ ውስጥ ያለው ገንዘብ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፣ ኑሮዬ ባሕር ዳር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዕቁብ ገንዘቤን ወረታ ላይ ሩዝ እየፈለፈለ በሚሸጥ አንድ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ አስገባሁት። በቅርቡ ለጠቅላላ ጉባኤ ተጠርተን ሪፖርት አደሉን። ትርፍ 21 ሚሊዮን ብር ይላል፣ ደስ አለኝ። ገጹን ገልበጥ ሳደርግ ግን «ከኢንቨስትመንት እንቅስቃሴ የተጣራ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት» ከሚለው ፊት ለፊት 41,500,000 በቅንፍ ተቀምጧል። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ «ቅንፍ ማለት ኪሣራ ነው፣ ገንዘባችንን በልተውታል» ብለው ሹክ አሉኝ። ልጠይቅ ብዬ እጄን ሳላነሳ ምሳ ቀረበና ተበተንን። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ሳስተምር ቅንፍ እንዲህ አስፈርቶኝ አያውቅም። የገጹን ፎቶ ልኬልሃለሁ። አክሲዮኔን ልሽጠው?

መልስ፦ መምህርት፣ እንኳን ምሳው ቀደመ እንጂ በዚያ ድንጋጤ እዚያው ለመሸጥ ሳይነሱ አይቀሩም ነበር። ሰውዬው ቅንፉን አይተዋል፣ ከቅንፉ በላይ የተደረደሩትን አራት መስመሮች ግን አላነበቧቸውም።

ቅንፍ በሒሳብ ሰነድ ላይ የመቀነስ ምልክት ነው። በዚህ ገጽ ላይ ደግሞ ገንዘብ ከካዝና ወጣ ማለት ነው፣ በቃ። ለምን ወጣ የሚለውን ቅንፉ አይነግርዎትም።

እስቲ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ባጃጅ ያለው ልጅ ያስቡ። ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ውሎ፣ ነዳጁንና ጥገናውን ችሎ፣ ማታ እጁ ላይ የሚቀረው ገንዘብ አለ። ሪፖርትዎ ላይ «ከሥራ እንቅስቃሴ» የሚለው ይህንን ነው። ሁለተኛ ባጃጅ ሲገዛ ወይም አሮጌዋን ሲሸጥ የኢንቨስትመንት እንቅስቃሴ ይባላል። ለመግዣው ከቁጠባ ማኅበር ሲበደርና ብድሩን ሲመልስ ደግሞ የፋይናንስ ነው። ታዲያ ሁለተኛዋን ባጃጅ በገዛ ማግስት ኪሱን ቢፈትሹት ሳንቲም አያገኙም። ከሰረ ይሉታል? በሩ ላይ እኮ ሁለት ባጃጅ ቆሟል።

አሁን ወደ ፎቶዎ። ትንሽ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። ለቋሚ ንብረት መግዣ የተከፈለ 41 ሚሊዮን፣ በቅንፍ። ከጭነት መኪና ሽያጭ የተገኘ 3.8 ሚሊዮን። በጊዜ ገደብ ባንክ የተቀመጠ 5 ሚሊዮን፣ እሱም በቅንፍ። የተገኘ ወለድ 700 ሺህ። ወጪውን ደምረው ገቢውን ሲቀንሱለት 41.5 ሚሊዮን ይመጣል።

ከትንሹ ልጀምር። ያ 5 ሚሊዮን የትም አልሄደም፣ ባንክ ተቀምጧል። ታዲያ ለምን ወጪ ሆነ? በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ መሠረት «ጥሬ ገንዘብ» የሚባለው እጅ ላይና ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ውስጥ ያለው ብቻ አይደለም፣ በሦስት ወር ገደማ ውስጥ ወደ ገንዘብ የሚመለስና ዋጋው የማይዋዥቅ ነገርም አብሮ ይቆጠራል። ከዚያ በላይ የሚታሰር ከሆነ ግን ኢንቨስትመንት ነው። መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ እንኳ በዚህ ይለያያል፤ የ91 ቀኑ እንደ ጥሬ ገንዘብ ሊቆጠር ይችላል፣ የ364 ቀኑ አይቆጠርም። የእናንተ ማኅበር ብሩን ለረጅም ጊዜ ስላሰረው ከካዝና እንደወጣ ተጻፈ። ሲፈታ በዚሁ ክፍል ያለ ቅንፍ ተመልሶ ይመጣል።

የመኪናው ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያደናግራል። የትርፍና ኪሣራውን ገጽ ቢያዩ ከመኪና ሽያጭ የተገኘ ትርፍ 1.2 ሚሊዮን ብቻ ይላል። ምክንያቱም መኪናው መዝገብ ላይ የቀረው ዋጋ 2.6 ሚሊዮን ነበር፣ በ3.8 ተሸጠ፣ ልዩነቱ ትርፍ ሆነ። የገንዘብ ፍሰቱ ግን ስለ ትርፉ ግድ የለውም፣ እጅ የገባው 3.8 ስለሆነ ሙሉውን እዚህ ይጽፈዋል። ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ደግሞ ከላይ፣ ከሥራ እንቅስቃሴው ላይ፣ 1.2ቱን ይቀንሳል። ሄደው ይፈልጉት፣ ከላይ በቅንፍ ያገኙታል።

ዋናው 41 ሚሊዮኑ ነው። ይህ ገንዘብ ትርፋችሁን አልነካም፣ የሚነካው ወደፊት በየዓመቱ እየተሸራረፈ ነው፤ የእርጅና ቅናሽ የሚሉት እሱ ነው። ዘንድሮ የእርጅና ቅናሹ 9.9 ሚሊዮን መሆኑ እዚያው ፎቶው ላይ ከላይ ተጽፏል። ይህ ማንም በጥሬው ያልከፈለው ወጪ ነው፣ ገንዘቡ ማሽኖቹ በተገዙበት ዓመት ወጥቶ አልቋል። ስለዚህ ትርፉ ላይ ተመልሶ ይደመራል፦ 21 ሲደመር 9.9፣ ሲቀነስ የመኪናው 1.2፣ ሲቀነስ ከታች ወደ ኢንቨስትመንት የወረደው ወለድ 0.7፣ 29 ሚሊዮን። ይህን ቁጥር ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የዱቤውና የክምችቱ ለውጥ ዘንድሮ እርስ በርሱ ተጣፍቷል፣ ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም። እንግዲህ ሩዙ ራሱ ያስገባው ጥሬ ገንዘብ 29 ሚሊዮን ነው ማለት ነው። ለእኔ ከ21 ሚሊዮኑ ትርፍ ይልቅ ደስ የሚለኝ ይህ ቁጥር ነው።

አንድ ዘዴ ልንገርዎት። ለቋሚ ንብረት የወጣውን ከእርጅና ቅናሹ ጋር ያስተያዩት። እኩል አካባቢ ከሆነ ማኅበሩ የሚያረጀውን እየተካ ነው፣ ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ አሮጌ ማሽን እያለቀሰ ይሠራል ማለት ነው። የእናንተ አራት እጥፍ ነው፣ እያደገ ይመስላል። «ይመስላል» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የእርጅና ቅናሹ የሚሰላው ማሽኖቹ ድሮ በተገዙበት ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ያው አንድ መፈልፈያ በብር ሲታይ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ስለዚህ ከአራት እጥፉ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ዕድገት ሳይሆን ውድነት ሊሆን ይችላል። ይህን ከገጹ ላይ አያገኙትም። በቀን ስንት ኩንታል ይፈለፈል ነበር፣ አሁንስ ስንት ይፈለፈላል ብለው መጠየቅ ነው ያለብዎት።

ሌላው የገንዘቡ ምንጭ ነው። ሥራው 29 አመጣ፣ ዕቃ መግዣው 41 ወሰደ፣ 12 ጎደለ። የፋይናንሱን ክፍል ሲያዩ 20 ሚሊዮን ብድር ገብቷል፣ 6 ሚሊዮን የትርፍ ድርሻ ለእናንተ ተከፍሏል። መጨረሻ ላይ ካዝናው በ1.5 ሚሊዮን ብቻ አድጓል። እውነቱን ለመናገር እኔ የቦርድ አባል ብሆን በብድር ማሽን እየገዛሁ ድርሻ ማከፋፈሉን ደግሜ አስብበት ነበር፤ ባለአክሲዮን እንዳይቆጣ ተብሎ ሊሆን ይችላል፣ ይገባኛል። ለአንድ ዓመት ችግር የለውም። ማሽን የሚገዛበት ዓመት እንዲህ ነው። ሪፖርቱ ላይ ያለፈው ዓመት ቁጥር ከጎኑ ይጻፋል፣ እሱን ይዩ፣ ከዚያ በፊት የታደላችሁትን ሪፖርት ካልጣሉት እሱንም ያውጡት። ሦስት ዓመት ሙሉ እየተበደሩ ከሆነና የሥራው ገንዘብ ንቅንቅ ካላለ፣ ያኔ እጅዎን ያንሱ። ምሳውም ይቀዝቅዝ።

ሰውዬውን አይፍረዱባቸው፣ እኔም በተቃራኒው ተሸውጃለሁ። አጎቴ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ እንግዳ የሚያመላልሱ ሁለት ጀልባዎች ነበሩት። ክረምት ነበር፣ ሐምሌና ነሐሴ ሥራ የለም፣ ጣናም ደፍርሶ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ያስፈራል። የገቢና ወጪ ደብተሩን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር፣ ጠርዙ ዓሣ ዓሣ የሚሸት። የዚያን ዓመት መጨረሻ ስደምረው ከየትኛውም ዓመት የበለጠ ገንዘብ ሆነ። «አጎቴ፣ ዘንድሮ እኮ ሀብታም ነህ!» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ትልቋን ጀልባ ከነሞተሯ ሸጧት ነበር፣ እኔ ደግሞ ብሩን ከእንግዳ ክፍያ ጋር አንድ ዓምድ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ጥር ላይ ለጥምቀት የመጣ እንግዳ ወደቡን ሲሞላው አጎቴ በአንዷ ትንሽ ጀልባ ስምንት ስምንት ሰው ይጭናል፣ የቀረው ዓይኑ እያየ ወደ ሌላ ሰው ጀልባ ይሄዳል። ያ ደብተር ሦስት ክፍል ቢኖረው ኖሮ የመጀመሪያው ክፍል ቀጭን፣ ኢንቨስትመንቱ ደግሞ ያለ ቅንፍ ወፍራም ሆኖ ይታየኝ ነበር። ኢንቨስትመንቱ ላይ ቅንፍ የሌለው ኩባንያ ሳይ እስከ ዛሬ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ሸጣችሁ?» ብዬ ነው።

ገጹ የማያሳየው ነገርም አለ። አንድ መሥራች መሬቱን ወይም መጋዘኑን በዓይነት አዋጥቶ በምትኩ አክሲዮን ቢወስድ ንብረቱ ይጨምራል፣ ጥሬ ገንዘብ ግን ስላልተንቀሳቀሰ እዚህ ገጽ ላይ አይገባም። ማሽን በኪራይ ግዢ ሲመጣም እንዲሁ ነው፣ በመጣበት ቀን አይታይም። እንዲህ ያለው ከኋላ ባሉት ማብራሪያዎች ላይ ይጻፋል። እርስዎ የላኩልኝ አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ ስለዚህ «ቋሚ ንብረት» የሚለውን ማብራሪያ ራስዎ ያውጡት። ሰንጠረዥ ነው፦ በዓመቱ መጀመሪያ የነበረ፣ የተጨመረ፣ የተወገደ፣ የእርጅና ቅናሽ፣ በሰኔ 30 የቀረ። የተጨመረው በየትኛው ዓይነት ስር እንደሆነ ይዩ። ማሽን ላይ ከሆነ ጥሩ። የቢሮ ዕቃና የሥራ አስኪያጅ መኪና ላይ ከበዛ ሩዝ አይፈለፍልም። «በግንባታ ላይ» ወይም «ቅድሚያ ክፍያ» በሚል ከተቀመጠ ደግሞ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ማሽኑ ግን ገና ሥራ አልጀመረም፣ ምናልባት ወደብ ላይ ነው፣ ምናልባት የውጭ ምንዛሪ እየጠበቀ ነው። የዛሬ ዓመትም እዚያው መስመር ላይ ካገኙት፣ ሰውዬው ሹክ ያሉዎትን ያኔ ጮክ ብለው ይጠይቁ።

ልሽጥ ወይ ላሉኝ፣ በአንድ ገጽ ፎቶ ሽጡም አትሽጡም የሚል ሰው ካገኙ ይሽሹት። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ጀምሯል፣ ግን እዚያ ላልተመዘገበ እንደ እናንተ ላለ ማኅበር አክሲዮን ገዢ ማግኘቱ ራሱ ሌላ ሥራ ነው። መጀመሪያ ማብራሪያውን ያንብቡ። ከቻሉ ደግሞ አንድ ቀን ወረታ ደርሰው ይምጡ፣ ከባሕር ዳር ሩቅ አይደለም። አዲስ ማሽን ካለ ድምፁ ከደጅ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የአንድ ባንክ ሪፖርት እያየሁ ነበር። በዓመቱ የሰጠው ብድር ኢንቨስትመንት ስር የለም። ገንዘብ አውጥቶ ወለድ የሚያገኝበት አይደለም እንዴ? ደበቁት ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት? (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ አልደበቁትም ወንድሜ። ለሩዝ ፈልፋዩ ሥራው ሩዝ ነው፣ ለባንክ ሥራው ማበደር ነው። ስለዚህ ያበደረውም፣ ከደንበኞች የሰበሰበው ተቀማጭም ከሥራ እንቅስቃሴ ስር ይገባል። በኢንቨስትመንት ስር የምታገኘው ቅርንጫፍ የሠራበትን፣ ሶፍትዌር የገዛበትን፣ አብዛኛውን ጊዜም የመንግሥት ቦንድ የገዛበትን ነው። በዚህ የተነሳ ፈጥኖ የሚያበድር ባንክ ከሥራ እንቅስቃሴው ላይ ቅንፍ ሊያሳይህ ይችላል፣ አትደንግጥ። ባንክን በዚህ ገጽ ከፋብሪካ ጋር ማወዳደር ጀልባን ከባጃጅ ጋር ማሽቀዳደም ነው።

ጥያቄ፦ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ተከራከርን። እሷ የተገኘ ወለድ ከሥራ እንቅስቃሴ ስር ነው ትላለች፣ እኔ ኢንቨስትመንት ነው እላለሁ። ቡና ተወራርደናል። (የሒሳብ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ቡናውን ተካፍላችሁ ጠጡ። እስካሁን በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ.ኤ.ኤስ 7 በሚባለው፣ ባንክ ያልሆነ ድርጅት የተቀበለውን ወለድና የትርፍ ድርሻ ከሁለቱ በአንዱ ስር ማስቀመጥ ይችላል፣ ግዴታው የመረጠውን ከዓመት ዓመት አለመቀያየር ነው። አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 18 የተባለው አዲሱ ደረጃ ግን በፈረንጆቹ ከጥር 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚጀምሩ የሒሳብ ዓመቶች ይህን ምርጫ ከአብዛኞቹ ድርጅቶች ይወስደዋል፣ የተቀበሉት ወለድ ኢንቨስትመንት ስር ይገባል። ያኔ አንተ ትረታለህ። እስከዚያው ግን ሁለት ኩባንያ ስታወዳድሩ ወለዱን ማን የት እንዳስቀመጠው አስቀድማችሁ ፈልጉ።