ምድጃው ለቁራሌው አይሰጥ፣ ሳሎንም አይግባ

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። አያቴ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነበር የሚሠሩት። ሆላንዶቹ ሲሄዱ አንደኛው የብረት ምድጃውን ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። ከላይ ክብ ክብ ክዳኖች፣ ከፊት ሦስት በሮች አሉት። አራት ሰው ካልያዘው አይነሳም። አያቴ «የድንጋይ ከሰል ምድጃ ነው» ይሉን ነበር። አሁን ግቢ ውስጥ ማንጎው ሥር ዝጎ ቆሟል። ባለቤቴ ለቁራሌው እንሽጠው ይላል። እኔ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል። በእንጨት ከሰል ይሠራል? ድፎ ዳቦስ ይጋገርበታል? ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ ሳሎን አስገብተን ቤቱን ብናሞቅበትስ? እባክዎ ይምከሩኝ።

የወንጂው የልጅ ልጅ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። እኔ ያደግኩት አሰላ፣ እንዲህ ያለ ምድጃ አጠገብ ነው። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ስታበስልበት ኖራለች። የምነግርሽም በእጄ የማውቀውን ነው።

መጀመሪያ ለባለቤትሽ። ቁራሌው የሚገዛው በኪሎ ነው። ለብረቱ እንጂ ለምድጃው አይከፍላችሁም። የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ከሆላንዶቹ እጅ የወጣው ደግሞ በ1967 ዓ.ም.። ስለዚህ ምድጃችሁ ቢያንስ ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል። እንዲህ ያለ ፈስሶ የተሠራ ወፍራም ብረት ዛሬ ገበያ ወጥታችሁ በቀላሉ አታገኙም። አትሽጡት።

ይሄ ምድጃ ከማንደጃ የሚለየው ጭሱን ስለሚያሠራው ነው። እሳቱ በአንድ ጎን ይነዳል። አጠገቡ ዳቦ መጋገሪያው ሣጥን አለ። ነበልባሉና ጭሱ ቀጥ ብለው ወደ ቱቦው አይወጡም። በሣጥኑ አናት ያልፋሉ፣ በጎኑ ይወርዳሉ፣ በሥሩ ዞረው ነው የሚወጡት። ሣጥኑ ዙሪያውን የሚግለው በዚህ ነው። ከላይ ወይም ከኋላ የምትጎተት እጀታ ፈልጊ። ስትከፈት ጭሱ በአቋራጭ ይወጣል፤ ስትዘጋ ዙሪያውን ይሄዳል። እሳት ስታቀጣጥዪ ክፈቻት፣ ከተያያዘ በኋላ ዝጊያት። እናቴ «መሪዋ» ነበር የምትላት። ይቺን እጀታ ሳያውቅ «ያጨሳል፣ አይጋግርም» ብሎ ስንቱ ምድጃውን ጥሎታል!

ከማንደድሽ በፊት ፈትሺው። ማታ ውስጡን በባትሪ አብሪና አንድ ሰው ከውጭ ይመልከትልሽ። ስንጥቅ ካለ ብርሃኑ ያሳብቃል። ቀጭኑ ክፍተት እሳት በሚችል ሲሚንቶ ይደፈናል። ትልቁን ግን ላገኘሽው በያጅ ሁሉ አትስጪ። ፈስሶ የተሠራ ብረት በተራ ኤሌክትሮድ ከተበየደ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይሰነጠቃል። የኒኬል ኤሌክትሮድ ይፈልጋል፣ ቀድሞም መሞቅ አለበት። በሮቹ ጠርዝ ላይ ግራጫ ገመድ ካየሽ በደረቁ አትፋቂው። የድሮው ገመድ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አራግፊ። ከዚያ እንደ አዲስ ምጣድ አሟሺው። ላዩን ሞቅ አድርገሽ በጎመን ዘር ደጋግመሽ ማሸት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት ትንሽ እሳት ብቻ ይንደድበት። ስንት ክረምት የጠጣውን እርጥበት ቀስ ብሎ ይልቀቅ። በጋለው ብረት ላይ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይደፋ። ወዲያው ነው የሚሰነጠቀው።

ገንዘብሽን ቱቦው ላይ አውጪ። 15 ሳንቲ ሜትር ግድም ስፋት ያለው የላሜራ ቱቦ ይበቃሻል። ማጠፊያ አታብዢበት። ከጣሪያው ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ከእንጨትና ከኮርኒስ ደግሞ 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። አናቱ ላይ ቆብ አስደርጊለት። የአዳማን ንፋስ ታውቂዋለሽ፤ ተርባይን የሚያዞር ንፋስ ነው፣ ጭስሽን መልሶ ወደ ታች ይነፋዋል።

ማገዶን በተመለከተ፣ የድንጋይ ከሰል በአገራችን አለ። ያዩና ደልቢ በሚባሉ ቦታዎች ይወጣል። ግን ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች እንጂ ለማድቤት ሲሸጥ አላየሁም፤ አትልፊበት። የእንጨት ከሰል ይሠራል። የውስጡ ፍርግርግ ግን ለትላልቅ የድንጋይ ከሰል የተሠራ ስለሆነ ክፍተቱ ሰፊ ነው። ከሰልሽ ሳይነድ አመድ ውስጥ ይረግፋል። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ አስቆርጪና በፍርግርጉ ላይ አግድም ደርድሪ። አመዱን በየቀኑ ድፊ። አመዱ ሞልቶ ፍርግርጉን ከነካ ብረቱ አየር አጥቶ ይቃጠላል፣ ይጣመማል።

ድፎ ዳቦ ግን በከሰል አይሆንልሽም። ከሰል ነበልባሉ አጭር ነው፤ ሣጥኑን መዞር አይችልም። ለድፎ የደረቀ እንጨት ነው የሚያስፈልገው። ባሕር ዛፍ ጥሩ ነበልባል አለው፣ ይደርቅ ብቻ። ሙቀቱን ለማወቅ እናቴ ትንሽ ዱቄት በቆርቆሮ ክዳን ላይ በትና ሣጥኑ ውስጥ ታስገባ ነበር። በአንድ ደቂቃ ከጠቆረ በሩን ከፈት አድርጎ ማቀዝቀዝ ነው። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ወርቅማ ከሆነ ኮባ የለበሰው ሊጥ ይግባ። በእሳቱ በኩል ያለው ጎን ቶሎ ስለሚበስል መሐል ላይ ድፎውን አዙሪው።

እንጀራውን ተዪው። ምጣዱም አይቀመጥበትም፣ ሙቀቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ለሱ «ምርት» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ይሻልሻል። ወጥ ግን በዚህ ምድጃ ልዩ ነው! ሽንኩርቱን እሳቱ አናት ላይ ታቁላያለሽ፣ ከዚያ ድስቱን ወደ ዳር ገፋ ታደርጊዋለሽ። እዚያ ሳያርር ቀስ ብሎ ይንተከተካል። ለጀበና ደግሞ ከክዳኖቹ ትንሹን ክብ አንሺ። የጀበናው ቂጥ ቀዳዳው ላይ ልክክ ይላል።

አሁን ሳሎኑ። እህቴ፣ አይሆንም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ነሐሴ ነበር፣ አሰላ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እናቴ ከምድጃው ፍም ዝቃ በማንደጃ መኝታ ቤት አስገባችልን። መስኮቱን በጨርቅ ደፈንነው። ሌሊት ታናሽ እህቴ ለሽንት ስትነሳ ተዝለፍልፋ ወደቀች። እናቴን የቀሰቀሳት ያ ድምፅ ነው። እኔን እየጎተተች በረንዳ ላይ ስታወጣኝ ትዝ ይለኛል። ራሴ ሊፈነዳ ነበር፣ ያስመልሰኛል። ክፍሉ ውስጥ ጭስ አልነበረም። ሽታም አልነበረም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚጣበቀው። እህቴ ባትወድቅ ኖሮ ሦስታችንም አንነቃም ነበር።

በደንብ የቆመ ቱቦ ይሄንን ጋዝ ይዞት ይወጣል። ግን ያንቺ ምድጃ አሮጌ ነው፣ መገጣጠሚያው ብዙ ነው፣ የአዳማ ቤት ደግሞ እንደ አሰላ ምድጃ የሚያስፈልገው አይደለም። መጋቢት ሲገባ ሳሎንሽ ራሱ መጋገሪያ ይሆንብሻል። ማድቤት ውስጥ፣ አንድ ጎኑ ክፍት በሆነ ቦታ አቁሚው። ፍሙንም ዝቀሽ ወደ ቤት አታስገቢ። ከዚያች ሌሊት በኋላ እናቴ ሁለት ሸክላ ጡብ ሣጥኑ ውስጥ እያሞቀች፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላ እግራችን ሥር ታደርግልን ነበር። እስከ ንጋት ሙቀቱ አይለቅም።

በደብዳቤሽ ሦስት በሮች ነው ያልሽው። የእሳቱ፣ የአመዱና የመጋገሪያው መሆናቸው ነው። ከመጋገሪያው በታች አራተኛ፣ መዳፍ የምታህል በር ትኖራለች፤ ዝገት ደፍኗት ይሆናል። በሣጥኑ ሥር የሚጠራቀመው ጥላሸት የሚጠረገው በእሷ ነው። ካጣሻት መልሰሽ ጻፊልኝ፣ ከላይ በኩል እንዴት እንደሚጠረግ እነግርሻለሁ።