የጆን ዊክ ድብድብ ለምን ጥርት ብሎ ይታያል?

ጥያቄ፦ አክሽን ፊልሞችን እወዳለሁ፤ ሆኖም በአብዛኞቹ ድብድቡ ሲጀመር ምስሉ ስለሚንቀጠቀጥና ቶሎ ቶሎ ስለሚቆራረጥ ማን ማንን እንደመታ መለየት ያቅተኛል። ጡረታ የወጣውን ቅጥር ነፍሰ ገዳይ ከተማው ሁሉ የሚያሳድድበትን ሦስተኛውን የጆን ዊክ ፊልም ሳይ ግን አንድም ምት አላመለጠኝም። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? ወንድሜ በበኩሉ «ታሪክ የሌለው መገዳደል ነው» ይላል። (አንባቢያችሁ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ዳይሬክተሩ ቻድ ስታሄልስኪ እ.ኤ.አ. በ1999 ለእይታ በበቃው «ዘ ማትሪክስ» ላይ፣ ጆን ዊክን ሆኖ የሚተውነውን ኪያኑ ሪቭስን እየተካ አደገኛ ትዕይንቶችን ይሠራ የነበረ የስታንት ባለሙያ ነው። በብዙ ፊልሞች ተዋናዩ ድብድብ በቅጡ ስለማይችል፣ በእሱ ምትክ የሚደባደበው ሰው ፊት እንዳይታይ ካሜራው ይጠጋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ምስሉም በየቅጽበቱ ይቆረጣል፤ እርስዎን ያደናገረዎትም ይኸው መሸፋፈን ነው። ስታሄልስኪ ግን ሪቭስ ለወራት ጁዶ፣ ጁጂትሱና የጦር መሣሪያ አያያዝ እንዲሠለጥን ካደረገ በኋላ ካሜራውን ወደ ኋላ አርቆ ሰውየውን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ያሳየናል። ከከፍታ መውደቅን የመሰለውን አሁንም ባለሙያዎች ይሠሩለታል፤ ቢሆንም አብዛኛው ግብግብ የራሱ የሪቭስ ስለሆነ የሚደበቅ ነገር የለም።

ወንድምዎ ባሉት አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ሁለተኛው ፊልም መጨረሻ ላይ ጆን፣ ደም ማፍሰስ ፈጽሞ በተከለከለበት ኮንቲኔንታል ሆቴል ውስጥ ጠላቱን ይገድላል፤ በዚህም ከነፍሰ ገዳዮቹ ማኅበር ተወግዞ ይባረራል፣ ለሚገድለውም ሰው 14 ሚሊዮን ዶላር ይመደባል። የ2019ኙ ሦስተኛ ፊልም የሚጀምረው ማደኑ ሊፈቀድ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቀር፣ በዝናብ በራሰችው ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሮጥ ነው። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትከሻው ላይ ተወግቶ ወደ ሐኪም ይደርሳል፤ ሐኪሙ ቁስሉን እየሰፋ ሳለ ሰዓቱ ሲሞላ ማኅበሩን ፈርቶ እጁን ያነሳል፣ ጆንም የቀረውን ራሱ ይሰፋዋል። ሕጉ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ፣ ሰውየውም ምን ያህል ብቸኛ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ንግግር አያስፈልግም። ካሜራው ሰውነቱን ስለማይሸሽግ ማነከሱን፣ ትንፋሹ ማጠሩን፣ ጥይት ሲያልቅበት የጥይት ካዝና ለመቀየር መቸኮሉን ሁሉ እናያለን፤ ታሪኩም ያለው እዚያ ነው። ወንድምዎ ትክክል የሚሆኑት ምናልባት በአንድ ነገር ነው፦ የሚወድቁት ሰዎች ስም አልባና እጅግ ብዙ በመሆናቸው ሞት ክብደቱን ያጣል፤ በዚህም ምክንያት ፊልሞቹን ለልጆች አላሳይም።

አራተኛውን፣ የ2023ቱን ካላዩ ይመልከቱት። ርዝመቱ 169 ደቂቃ ሲሆን መሐሉ ላይ ይንዛዛል፤ ሆኖም ጆን በፓሪስ ወደ ሳክሬ ኬር ቤተ ክርስቲያን የሚያወጡትን 222 ደረጃዎች እየተዋጋ ወጥቶ ጫፍ ሊደርስ ሲል እስከ ታች ተንከባሎ እንደገና ሲጀምር፣ ድካሙ ወደ ተመልካቹ ይጋባል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያቅዱት የስታንት ባለሙያዎች ለአሥርተ ዓመታት ከኦስካር ውጭ ቆይተዋል። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ ለሚወጡ ፊልሞች የስታንት ንድፍ ሽልማት እንደሚሰጥ ያስታወቀው በ2025 ነው፤ ውሳኔው እጅግ የዘገየ ቢሆንም የሚገባቸው ነው።