ኤምኤምዩ ፍለደድ የሚለው ቁጥር ለምን ይጨምራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ኬቪኤም (የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ላይ የማስኬደው አንድ ቪኤም፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን አለኝ፣ ኢፒቲ (የኢንቴል ፕሮሰሰር የቪኤሙን የሜሞሪ አድራሻ ራሱ የሚተረጉምበት ነገር) ጠፍቶ ነው የሚሰራው። ሌላ ጊዜ ደህና ነው፣ ትልቅ ኮድ ኮምፓይል ሳደርግበት ግን ይንቀራፈፋል፣ የኬቪኤም ቆጣሪዎችን የሚያሳየው ኬቪኤም ስታት ላይም ኤምኤምዩ ፍለደድ የሚለው ቁጥር ቶሎ ቶሎ ሲጨምር አያለሁ። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ቁጥሩ ኬቪኤም ችግሩን አይቶ እርምጃ እንደወሰደ ነው የሚነግርህ፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ኢፒቲ ከሌለ ፕሮሰሰሩ የገስቱን (ቪኤሙ ውስጥ የሚሰራውን ሲስተም) ፔጅ ቴብል፣ ማለትም የሜሞሪ አድራሻ መተርጎሚያ ሰንጠረዡን፣ በቀጥታ አይጠቀምም፣ ኬቪኤም በጎን ሻዶው የሚባል የራሱን ቴብል ይሰራና ፕሮሰሰሩ የሚያየው እሱን ነው። ሁለቱ እንዳይለያዩ ታዲያ የገስቱን ፔጅ ቴብል ሪድ ኦንሊ ያደርገዋል፣ ገስቱ ሊጽፍበት ሲል ፎልት (ፕሮሰሰሩ ስራውን የሚያቋርጥበት ክስተት) ይፈጠርና ወደ ሆስቱ፣ ቪኤሙን ወደሚያስኬደው ዋናው ማሽን፣ ይወጣል፣ ኬቪኤም ይጽፍለትና ሻዶውን አስተካክሎ ይመልሰዋል። አንዴ ሁለቴ ከሆነ ምንም አይደል። ኮምፓይል ላይ ግን ፕሮሰስ በላይ በላዩ ነው የሚፈጠረውና የሚያልቀው፣ ቅድም ፔጅ ቴብል የነበረው ሜሞሪ ይለቀቅና ገስቱ ተራ ዳታ ይጽፍበታል፣ ይሄን ደሞ ለኬቪኤም የሚነግረው ማንም የለም! ክልከላው ባይነሳ 4 ኪሎባይቷን ፔጅ በ8 ባይት በ8 ባይት ለመሙላት 512 ጊዜ መውጣትና መግባት ነበር።

ስለዚህ ይቆጥራል። እያንዳንዱ ሻዶው ፔጅ ቆጣሪ አለው፣ በተጻፈበት ቁጥር 1 ይጨምራል፣ 3 ሲደርስ ሻዶው ይጣላል፣ አንተ የምታየው ኤምኤምዩ ፍለደድም ያኔ ነው የሚጨምረው፣ ገስቱም እንደልቡ ይጽፋል። ዋናው ብልሃት ግን 3ቷ አይደለችም፣ መሃል ላይ ፎልት መጥቶ ያ ሻዶው ከተፈለገ ቆጣሪው ዜሮ መሆኑ ነው። ብዙ ስለተጻፈበት ብቻ አይጣልም፣ ማንም ሳይፈልገው ሲጻፍበት ነው የሚጣለው። አንድ ጽሁፍ የሁለት ኢንትሪ (የቴብሉ መስመር) ድንበር ካቋረጠማ ሶስት እስኪሞላም አይጠብቅም፣ ጤነኛ ከርነል ፔጅ ቴብል ላይ እንደዛ አይጽፍማ። ፔጅ ቴብል በደረጃ በደረጃ ነው የተሰራው፣ የመጨረሻው ደረጃ ቴብል ግን እዚህ ቆጠራ ውስጥ የለም፣ እሱን ለጊዜው እንዲለያይ ይተወውና ገስቱ ቲኤልቢ (ፕሮሰሰሩ የተተረጎሙ አድራሻዎችን የሚያስቀምጥበት ካሽ) ሲያጸዳ ያመሳስለዋል።

3ቷን ልቀይር ካልክ ኮዱ ውስጥ ነው የተጻፈችው፣ ከርነል እንደገና መገንባት ሊኖርብህ ነው፣ እኔ አልመክርህም። ይልቅ ኢፒቲን አብራው፣ ኤኤምዲ ከሆነ አቻውን ኤንፒቲን። ኢንቴል ከ2008ቱ ኔሃለም ጀምሮ አለው፣ ቪኤሞቹን አጥፍተህ የኬቪኤም ሞጁሉን በፓራሜትሩ መልሰህ መጫን ነው። ከዛ በኋላ ተራ ቪኤም ላይ ይሄ ሁሉ ጣጣ ይቀራል። ቪኤም ውስጥ ሌላ ቪኤም የምታስኬድ ከሆነ ግን ሆስቱ የውስጠኛውን ኢፒቲ ራሱን ሻዶው ስለሚያደርገው ቁጥሩ አሁንም ሊንቀሳቀስ ይችላል፣ አትደንግጥ።