«የእድገት ሆርሞኔ 0.1 ነው ተባልኩ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ43 ዓመት ሰው ነኝ፤ ከኮምቦልቻ ሚሌ አይሱዙ እነዳለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሆዴ ገፋ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ከባለቤቴ ጋርም እንደ ድሮው አይደለሁም። ተመርምሬ የእድገት ሆርሞኔ 0.1 ነው ተባልኩ። ስፖርት ቤት የማውቀው ልጅ መርፌ አምጥቶልኝ ሦስት ሳምንት ተወጋሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63 ነው፤ አጭር ሰው ሆርሞኑ ትንሽ ነው የሚባለው እውነት ነው? መንገድ ላይ እንቅልፍ ስለሚያስቸግረኝ ጫት እቅማለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ሌሊት ሳንኮራፋ ትንፋሼ ቆም እንደሚል ትናገራለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በወሎኛው አብሽር ልበልዎት። የጠየቁኝ ስለ ሆርሞን ነው፤ እኔ ያነበብኩት ግን «ወንድነቴ እያለቀ ነው ወይ?» የሚለውን ነው። አላለቀም። ያስደነገጠዎት ወረቀትም ምንም አይነግረንም። የእድገት ሆርሞን ቀኑን ሙሉ እኩል አይፈስም። ከአንጎል ሥር ካለች ሽምብራ ከምታህል ዕጢ በየተወሰነ ሰዓት ፈልቆ ይወጣና ብዙም ሳይቆይ ከደም ይጠፋል። ጤነኛ ወንድ ቀን ላይ ደም ቢሰጥ ብዙውን ጊዜ ዜሮ አካባቢ ነው የሚገኝበት። የሚጠራጠር ሐኪም ቢኖር እንኳን በእድገት ሆርሞን ትእዛዝ በአብዛኛው ጉበት የሚያመርተውን፣ በቀን ውስጥ ብዙ የማይዋዥቀውን አይጂኤፍ-1 የተባለ ሌላ ሆርሞን ያስለካል።

ቁመትዎን ይተዉት። እሱን በአብዛኛው ከወላጆችዎ ወርሰውታል፤ የአጥንቱ ማደጊያም በ20 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ተዘግቷል። ሆድዎ ግን ጉዳይ አለው። ከወጣትነት በኋላ ሆርሞኑ በሁሉም ወንድ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሆድ ዕቃ ውስጥ የተከማቸ ስብ ደግሞ ከዚያ በላይ ያወርደዋል። ደስ የሚለው፣ ክብደት ሲቀንስ መልሶ ይነሣል። ፈጠን ያለ እርምጃና ጉልበት የሚጠይቅ ሥራም ያነቃቁታል። ወገብዎን በሜትር ይለኩ፤ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሥራዎ እዚያ ላይ ነው።

ስለ መርፌው ግን አልታገስም። ብልቃጡ ውስጥ ያለውን ያውቃሉ? በቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት በኮምቦልቻ ሙቀት በማን ኪስ ሲዞር እንደከረመ ያውቃሉ? እውነተኛው ሆርሞን ቢሆን እንኳን የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ እጅና እግር ያሳብጣል፣ ጣት ያደነዝዛል። ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ሳይበሉ የደም ስኳርዎን ይለኩ።

አሁን በመጨረሻ ላይ ጣል ወዳደረጓት ዐረፍተ ነገር ልምጣ። መጀመሪያ መጻፍ የነበረብዎት እሷን ነበር። የሚያንኮራፋ ሰው ትንፋሹ ቆም ካለ፣ ጉሮሮው ተዘግቶ አየር አልገባም ማለት ነው። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ይደነግጣል፣ ሰውየው እንደ መታነቅ ብሎ ይነቃና ተመልሶ ይተኛል። ይህ በአንድ ሌሊት መቶ ጊዜ ቢደጋገም እንኳን ጠዋት አያስታውሰውም፤ አፉ ደርቆ፣ ራሱን እያመመው ይነሣል። ወንድ የሆርሞኑን ትልቅ ድርሻ የሚያገኘው እንቅልፍ በወሰደው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ በከባዱ እንቅልፍ ውስጥ ነው። እርስዎ ያ እንቅልፍ የለዎትም። ጫቱም የቀረውን ይሰርቀዋል። ለጉልበትዎም ለመኝታዎም መድከም ከሆርሞኑ በፊት የምጠረጥረው ይህንን ነው። የደም ግፊትም ከዚሁ ጋር ይመጣል።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ መሪው ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አይሱዙ፣ ሾፌሩ ለሦስት ሰከንድ ቢያንቀላፋ 50 ሜትር ያለ ሾፌር ይጓዛል። ከባቲ ወደ ሚሌ ሲወርዱ ከፊትዎ ግመል አለ፣ እረኛ አለ፣ የሌላ ሰው መኪና አለ። ጫት ዐይን ይገልጥ ይሆናል እንጂ የእንቅልፍ ዕዳ አይከፍልም፤ ምርቃናው ሲለቅ ድካሙ ብሶ ይመጣል። ባለቤትዎ ለስንት ወር ሲነግሩዎት ከቆዩ በኋላ ነው የጻፉልኝ? እባክዎ፣ ሴትዮዋን ይስሙ።

ሕክምና አለው፤ አይደንግጡ። ክብደት መቀነስ ብቻውን የብዙ ሰው ትንፋሽ ያቃናል፤ ለከበደው ደግሞ ሌሊት አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ አለ። እስከዚያው በጎንዎ ይተኙ፣ አልኮልና የእንቅልፍ ክኒን አይንኩ፣ እራት ቀለል አድርገው በጊዜ ይብሉ። ሌሊት አይንዱ። ቀንም ዐይንዎ ከከበደ ዳር ይዘው ይቁሙ።

በዚህ ሳምንት እርስዎ ሲያንኮራፉ ባለቤትዎ ሁለት ደቂቃ በስልክ ይቅረጹዎት። ቪዲዮውን ይዘው፣ ከተቻለም ከእሳቸው ጋር፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። የደም ግፊትዎና ስኳርዎ ይለካ። የተረፈውን ብልቃጥም ይዘው ይሂዱ፤ ለሌላ ሾፌር እንዳይሰጡት።