ወደ መሃል የሚስበው ማን ነው? የፊዚክስ ጥያቄና መልስ

የክብ እንቅስቃሴና የኩሎም ኃይል (ቻርጆች የሚሳሳቡበት ወይም የሚገፋፉበት ኃይል) በአንድ ጥያቄ ሲገናኙ የተቸገሩ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች ከላኩልን መካከል አራቱን እነሆ።

«ፍሪ ቦዲ ዲያግራም (በአንድ አካል ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች የሚያሳይ ሥዕል) ስሥል ከኩሎም ኃይል ጎን ሴንትሪፔታል ፎርስንም ላስገባ?» (ከሆጤ፣ ደሴ)

አታስገባ። ሴንትሪፔታል ፎርስ ወደ መሃል የሚስቡት ኃይሎች ተደምረው የሚጠሩበት ስም እንጂ ሌላ ተጨማሪ ኃይል አይደለም። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ሐረጎ ላይ ሲታጠፍ በዋናነት ወደ ውስጥ የሚይዘው የጎማና የአስፋልቱ ሰበቃ ነው። በአቶም ውስጥ የሚዞረውን ኤሌክትሮን ደግሞ የኩሎም ኃይል ይይዘዋል። የኩሎም ኃይልንም ሴንትሪፔታል ፎርስንም ከሣልክ አንዱን ኃይል ሁለቴ ቆጥረሃል።

«የሃይድሮጅን ኤሌክትሮን ፍጥነት 3×10¹¹ ሜትር በሰከንድ ወጣብኝ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?» (ከኮምቦልቻ)

መልስሽ የብርሃንን ፍጥነት 1000 እጥፍ ስለሚሆን ስህተቱ ከቁጥሩ ይታወቃል፦ አር ስኩዌርን ሳታጣፊ ቀርተሻል። «ኤም ቪ ስኩዌር ሲካፈል ለአር» ከ«ኬ ኢ ስኩዌር ሲካፈል ለአር ስኩዌር» ጋር እኩል ነው (ኤም የኤሌክትሮኑ ማስ፣ ቪ ፍጥነቱ፣ አር የክቡ ሬዲየስ፣ ኬ የኩሎም ቋሚ ቁጥር፣ ኢ የኤሌክትሮኑ ቻርጅ መጠን ነው)። ሁለቱንም ወገን በአር ስታባዢ በቀኝ በኩል ታች የሚቀረው አንድ አር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኤም ታካፍያለሽ።

ላይኛው፦ 9×10⁹ × (1.6×10⁻¹⁹)² = 2.304×10⁻²⁸
ታችኛው፦ 9.11×10⁻³¹ × 5.3×10⁻¹¹ = 4.83×10⁻⁴¹

ሲካፈል 4.77×10¹² ይመጣል፤ ይህ ግን ገና ቪ ስኩዌር ነው። ሩቱ 2.18×10⁶ ሜትር በሰከንድ። የ10 ኤክስፖነንት ለሁለት እኩል የማይካፈል ከሆነ፣ ሩት ከማውጣትሽ በፊት ነጥቡን አንድ ቤት አዛውሪ። ብዙ ትክክለኛ ሥራ የሚበላሸው እዚህች ጋ ነው።

«20 ግራም ኳስ በገመድ ታስራ ልሙጥ ጠረጴዛ ላይ በ0.5 ሜትር ሬዲየስ፣ በ3 ሜትር በሰከንድ ትዞራለች። የኳሷ ቻርጅ −1፣ መሃል የተተከለው +2 ማይክሮኩሎም ነው። የገመዱ ውጥረት 0.432 ኒውተን አይደለም?» (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

0.288 ነው። ለመዞር የሚያስፈልገው 0.02 × 9 ÷ 0.5 = 0.36 ኒውተን ነው። የኩሎም ኃይል 9×10⁹ × 2×10⁻¹² ÷ 0.25 = 0.072 ኒውተን። ቻርጆቹ ስለሚሳሳቡ ከ0.36ቱ ላይ 0.072ቱን እነሱ ይሸፍናሉ፤ ገመዱ የሚሸከመው ቀሪውን ነው። አንተ የቻርጁን የመቀነስ ምልክት ቀመሩ ውስጥ ከተትከው፤ 0.36 ሲቀነስ −0.072 ሆነና ወደ መደመር ተገለበጠ። ቀመሩ ውስጥ የቻርጆቹን መጠን ብቻ አስገባና አቅጣጫውን ከሥዕሉ አንብብ። 0.432 ትክክል የሚሆነው ሁለቱም ቻርጆች ፖዘቲቭ ወይም ሁለቱም ኔጌቲቭ ቢሆኑ ነበር፤ ያኔ ገመዱ ግፊቱንም መቋቋም አለበት።

«ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን የጋራ መሃላቸውን ሲዞሩስ?» (ከኮምቦልቻ)

ፖዚትሮን ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው የኤሌክትሮን አቻ ነው። ማሳቸው እኩል ስለሆነ መሃሉ በሁለቱ አጋማሽ ላይ ነው። በኩሎም ቀመር ውስጥ የሚገባው በመካከላቸው ያለው ሙሉ ርቀት፣ ማለትም 2አር ነው፤ በክብ እንቅስቃሴው ግን አር ብቻ። ለሁለቱም አር ካስገባህ ኃይሉ 4 እጥፍ፣ ፍጥነቱ 2 እጥፍ ይበዛብሃል።