አሮጌ ሄሊኮፕተር ሲታደስ ምኑ ነው የሚታደሰው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ አሮጌ አውሮፕላኖች ጥገና በጥቂቱ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች ግን አብዛኞቹ ስለ ሄሊኮፕተር ናቸው። ደስ ብሎኛል፤ የኖርኩበት ሙያ ነው። ዛሬ አምስቱን እመልሳለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። ሌሎች አገሮች የ50 እና የ60 ዓመት ሄሊኮፕተር እያደሱ ያበራሉ ሲባል በዜና እሰማለሁ። እኔ አንድ አሮጌ አይሱዙ አለኝ። ሞተሩን ሁለት ጊዜ አስወርጄዋለሁ፣ አሁንም ገንዘቤን እየበላ ነው። ሄሊኮፕተርስ እንዴት ነው የሚያዋጣው? አዲስ መግዛት አይሻልም ወይ?» (ከደብረ ማርቆስ)

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። የአይሱዙዎ ዕድሜ የሚነገረው በጥቅሉ ነው፤ የስንት ዓመት መኪና ነው ይባላል፣ በቃ። ሄሊኮፕተር ላይ እንደዚያ ብሎ ነገር የለም። የእያንዳንዱ ዋና ክፍል ዕድሜ ለየብቻው ይቆጠራል። ከላይ የሚሽከረከረው ብሌድ የራሱ ሰዓት አለው። ሞተሩ፣ ጊርቦክሱ፣ የጭራው ሮተር (ጭራው ላይ የሚሽከረከረው)፣ ሁሉም ስንት ሰዓት እንደበረሩ፣ ስንት ጊዜ እንደተነሱ በየራሳቸው መዝገብ ይጻፍላቸዋል። አንዳንዱ ክፍል ሰዓቱ ሲደርስ ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ተመልሶ ይገጠማል። አንዳንዱ ደግሞ ሰዓቱ ከሞላ አለቀ፤ አዲስ ቢመስልም፣ አንድ ጭረት ባይኖርበትም ይወገዳል። ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይገጥመውም ተቆርጦ ወይም ተበስቶ ነው የሚጣለው።

ስለዚህ የ60 ዓመት ሄሊኮፕተር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ዓይነቱ ነው እንጂ እያንዳንዱ ብረት 60 ዓመት በርሯል ማለት አይደለም። ሚ-8 የሚባለው የሩሲያ ሄሊኮፕተርና ቺኑክ የሚባለው ባለ ሁለት ሮተር የአሜሪካ ሄሊኮፕተር ሁለቱም መጀመሪያ የበረሩት በ1961 ነው። የያኔውንና የዛሬውን ቺኑክ ጎን ለጎን ቢያዩአቸው መልካቸው ያው ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቺኑክ አንዱ ሞተር 2,200 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ኤፍ የሚባለው የአሁኑ ከ4,700 በላይ አለው። በ1980ዎቹ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉትን የድሮዎቹን እያፈረሱ ዲ አደረጓቸው። ኤፍ ሲመጣ ደግሞ ለብዙዎቹ አካሉን እንደ አዲስ ሠርተው፣ ከዲው ላይ የወረዱትን ከባድ ክፍሎች አድሰው ገጠሙበት።

የሚያዋጣው በዋጋው ብቻ አይደለም። አብራሪው ያውቀዋል። ቴክኒሻኑ ያውቀዋል። መለዋወጫው መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል፣ ልዩ መፍቻው አለ። አዲስ ዓይነት ሲገዛ ይህ ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል፣ ሥልጠናው ራሱ ዓመታት ይበላል።

የማያዋጣበትም ጊዜ አለ። የአሜሪካ ማሪኖች ዩኤች-1ኤን የሚባለውን አሮጌ ሄሊኮፕተራቸውን አድሰው ዩኤች-1ዋይ የሚባለው አዲስ ሞዴል ሊያደርጉት ተነሱ፤ የመጀመሪያዎቹን ከአሮጌ አካል ከሠሩ በኋላ ግን አካሉንም አዲስ ብናደርገው ይሻላል ብለው ሐሳባቸውን ቀየሩ። እንግሊዞች ደግሞ በ1971 ሥራ ያስጀመሩትን ፑማ የሚባል ሄሊኮፕተር፣ ሃያ አራቱን፣ ሞተርና ኮክፒት ቀይረው ከዐሥር ዓመት በላይ ተጠቀሙበትና በ2025 ጡረታ አስወጡት። እኔ ይህን ኪሳራ አልለውም። አስበውበት የገዙት ጊዜ ነው።

«እኔ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ዘመናዊ ተደረጉ የሚባሉትን ሄሊኮፕተሮች ዩቲዩብ ላይ ሳይ ሁልጊዜ የሚያሳዩት ስክሪን ነው። እድሳት ማለት ስክሪን መቀየር ነው?»

ወንድሜ፣ በደንብ አይተሃል። ለካሜራ የሚያምረው ስክሪኑ ነው። ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። የድሮዎቹ ባለ ቀስት ጌጆች የሚሠራቸው ፋብሪካ እየጠፋ ነው፤ አንድ የተበላሸ ጋይሮ (የሄሊኮፕተሩን ዝንባሌና አቅጣጫ የሚያሳይ መሣሪያ) ፍለጋ ሄሊኮፕተሩ ለወራት ሊቆም ይችላል። ስክሪን ሲገባ ያ ችግር ይቃለላል፣ ኪሎ ሜትር ሙሉ የሚሆን አሮጌ ሽቦም አብሮ ይወጣል። አብራሪው ጭጋግ ውስጥ ተራራው የት እንዳለ ካርታው ላይ ያያል። ብላክ ሆክ የሚባለውን የአሜሪካ ሄሊኮፕተር ኤል ከሚባለው ሞዴል ወደ ቪ ሲያሳድጉት ዋናው ሥራ ይኸው ነበር።

እኔን የሚያናድደኝ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። ሄሊኮፕተር ከተነሳ እስኪያርፍ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ ብረቱን ያደክማል፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ጊርቦክሱ አካሉ ላይ በታሰረበት ቦታ፣ የጭራው ቡም (ጭራውን የሚሸከመው ረጅሙ ክፍል) በተያያዘበት ቦታ፣ በሪቬቶቹ ዙሪያ ነው። ወለሉ ሲነሳ ከሥሩ ውሃና አቧራ ተጋግሮ፣ ላሜራው በዝገት ተበልቶ ታገኘዋለህ። ይህን ሳይከፍቱ፣ ሳይፈትሹ፣ ከላይ ቆንጆ ስክሪን መግጠም ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ላይ መቀለድ ነው። የቺኑክ ኤፍ ትልቁ ለውጥ ለእኔ ስክሪኑ አይደለም፤ ከብዙ ቁራጭ ላሜራ ተገጣጥሞ ይሠራ የነበረውን የአካሉን አጥንት ከአንድ ወጥ ብረት ቀርጸው ማውጣታቸው ነው። መንቀጥቀጡ ቀነሰ፣ ስንጥቅ የሚጀምርባቸው መገጣጠሚያዎችም ቀነሱ።

ብሌድም አለ። ብዙ ቦታ የብረቱ ብሌድ ወጥቶ ከፋይበር የተሠራ ይገባል። ፋይበር አይዝግም፣ ድካምንም ይችላል። ግን ንብርብሩ ከውስጥ ሊላቀቅ ይችላል፣ በዓይን አይታይም። ቴክኒሻኑ ሳንቲም ይይዝና ብሌዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው ጋ ሲደርስ ድፍን ይላል። በዚህ ዘመን አልትራሳውንድም አለ፣ ሳንቲሙም ግን ሥራውን አላቆመም።

«ከሞጣ ነው የምጽፍልህ። እኛ ጮቄ ሥር ነው ያለነው። አሮጌ ሄሊኮፕተር እዚህ ደጋ ላይ አቅም ያጥረዋል ይባላል። ጠንካራ ሞተር ቢገጠምለት አይበቃም?»

በከፊል ልክ ናችሁ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ ወደ አንድ ስድስተኛ ያህል ሳስቷል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጮቄ አናት አንድ ሦስተኛው የለም። ብሌዱ የሚገፋው አየር ያንሳል፣ ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሳል። ሁለቱ ተደርበው ይመጣሉ። ዓባይ በረሃ ወርዳችሁ ደግሞ ከፍታው ቢቀንስም ሙቀቱ አየሩን ያሳሳዋል። በ1984ቱ ረሃብ ጊዜ ፖላንዶች በሚ-8 እርዳታ ሲያግዙ፣ ደጋው ላይ የሚጭኑትን እያንዳንዱን ኪሎ ማስላት ነበረባቸው።

ሞተር ብቻ ቀይሮ ማምለጥ ግን አይቻልም። ሞተሩ የሰጠውን ጉልበት ወደ ሮተሩ የሚያስተላልፈው ጊርቦክሱ ነው። ጊርቦክሱ ከተሠራበት ልክ በላይ መሸከም አይችልም፤ 2,000 የፈረስ ጉልበት ብትሰጡት 1,500 ብቻ የሚችል ከሆነ ትርፉ ማርሹን መጨረስ ነው። ዋናው ሮተር በበረታ ቁጥር አካሉን ወደ ሌላ አቅጣጫ የማዞር ኃይሉም ይበረታል፣ ስለዚህ የጭራው ሮተር አብሮ መጠንከር አለበት። ሚ-8 ወደ ሚ-17 ሲያድግ የሆነው ይኸው ነው። 1,500 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ወደ 1,900 ገደማ ወጣ፣ ጊርቦክሱ ተቀየረ፣ በቀኝ የነበረው የጭራ ሮተር ወደ ግራ ዞረ። ሚ-8 እና ሚ-17ን ከሩቅ መለየት የምትፈልጉ የጭራውን ሮተር እዩ።

«ልጄ 12ኛ ክፍል ነው። የአውሮፕላን ጥገና ነው የምማረው ይላል። ጎረቤት ደግሞ አሮጌ ሄሊኮፕተር የሚበር የሬሳ ሳጥን ነው እያለ ያስፈራራኛል። እውነት ነው? ልጄንስ ምን ልበለው?» (ከፍኖተ ሰላም)

እናቴ፣ አይስጉ። ጎረቤትዎ ያሉት ልክ አይደለም፣ ፍርሃታቸው ግን ከመሬት አልተነሳም። በደንብ የታደሰና መዝገቡ የተሟላ አሮጌ ሄሊኮፕተር፣ ችላ ከተባለ አዲስ ይሻላል። ለምን እንደምል ላስረዳዎት።

ጊርቦክሱ ውስጥ ማርሽና ኩሽኔታ በዘይት ውስጥ ይዞራሉ። ከዘይቱ መንገድ ላይ ጣት የምታህል ማግኔት አለች። ቴክኒሻኑ ይፈታታል፣ በነጭ ጨርቅ ይጠርጋታል፣ ጨርቁን በአጉሊ መነጽር ያያል። እንደ ጸጉር የቀጠነ ግራጫ ብናኝ ከሆነ ደህና ነው፤ ብረት ሲፋተግ የሚወጣ ነው። ቅርፊት የመሰለ፣ የሚያብለጨልጭ ቁራጭ ካገኘ ግን ሄሊኮፕተሩ አይነሳም። ቁራጩ ይለካል፣ ከየትኛው ክፍል ብረት እንደመጣ በላቦራቶሪ ይለያል። ሚ-8 ላይ ደግሞ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። የብሌዱ አጥንት ውስጡ ባዶ ነው፣ አየር ተሞልቶበታል። አጥንቱ ከተሰነጠቀ አየሩ ይወጣና ከብሌዱ ሥር ያለችው ምልክት ቀይ ታሳያለች። ጠዋት ጠዋት ቴክኒሻኑ ቀና ብሎ ቀይዋን ይፈልጋል።

በ2009 ከስኮትላንድ ዳርቻ ሱፐር ፑማ የሚባል አንድ ሄሊኮፕተር ወድቆ 16 ሰው ሞተ። ጊርቦክሱ ውስጥ አንድ ማርሽ በድካም ተሰብሮ ነው። ከአደጋው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ማግኔቷ ላይ ቁራጭ ብረት ተገኝቶ ነበር። የሄሊኮፕተሩ ባለቤት ኩባንያና አምራቹ ተነጋገሩ፣ ግን በትክክል ሳይግባቡ ቀሩ፤ ስንጥቁ ሳይገኝ በረራው ቀጠለ። በ2016 ኖርዌይ ውስጥ የዚያው ቤተሰብ አዲሱ ሞዴል በተመሳሳይ ማርሽ ምክንያት ወደቀ፣ 13 ሰው ሞተ፤ ያኔ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ስለሄደ ማግኔቷ ምልክት አልሰጠችም። እነዚህ የ60 ዓመት ሄሊኮፕተሮች አይደሉም። ስለዚህ እድሳት ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው መንቀጥቀጡን የሚለካ ሴንሰር ገብቷል ወይ ብዬ ነው። ይህ መሣሪያ የመጣው በ1986 ሼትላንድ አጠገብ መንገደኛ የጫነ ቺኑክ ወድቆ 45 ሰው ካለቀ በኋላ ነው፤ ከ1991 ጀምሮ የሰሜን ባሕር ሄሊኮፕተሮች ላይ መገጠም ጀመረ። ማርሹ ወይም ኩሽኔታው መንቀጥቀጡን ገና ሲቀይር ኮምፒውተሩ ያነበዋል። ሁሉን አይዝም፣ የ2016ቱን አልያዘም። ከማግኔቷና ከሰው ዓይን ጋር ሲደመር ግን ብዙ ሰው አትርፏል።

ልጅዎ ይማር። ፊዚክሱንና እንግሊዝኛውን ያጠንክር፤ አብዛኛው የጥገና መመሪያ በእንግሊዝኛ ነው። የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የአውሮፕላን ጥገና ያስተምራል። ከአሁኑ ደግሞ አንድ ልማድ ይያዝ፦ የነካውን፣ የፈታውን፣ ያየውን ሁሉ በዚያው ሰዓት ይጻፍ። ጎበዝ እጅ ያለው ልጅ ብዙ ነው፤ አሠሪ የሚፈልገው ጽፎ የሚያሳይ ነው።

«አንድ ሄሊኮፕተር ዐሥር ዓመት ቆሞ ቢከርም፣ ሳይበር ስለቆየ እንደ አዲስ ነው ማለት ይቻላል?» (ከዳንግላ)

አይቻልም። የክፍሎቹ ዕድሜ በሰዓት ብቻ ሳይሆን በዓመትም ይቆጠራል። ቆሞም ቢሆን የጎማው ማሸጊያ ይደርቃል፣ የነዳጅ ቱቦው ይሰነጠቃል፣ የሽቦው ልባስ ይፈረፈራል፣ ኩሽኔታው አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ ይዝጋል። ሳይበር ቆየ ተብሎ በርካሽ የተገዛ ሄሊኮፕተር ለማስነሳት ከግዢው በላይ ወጪ ሊጠይቅ ይችላል። ሊገዛ የሚሄድ ሰው ቀለሙን ሳያይ መዝገቡን ይጠይቅ። የአንድ ክፍል ወረቀት ከጠፋ፣ ያ ክፍል ምን ያህል ሰዓት እንደቀረው የሚናገር ስለሌለ፣ እንዳለቀ ተቆጥሮ በአዲስ ይቀየራል። ብሌዱና ጊርቦክሱ ወረቀት ከሌላቸው ደግሞ ዋጋ መከራከር ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል።