የዓሣ ኩሬ ለመቆፈር ላሰባችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣

አሁን አሁን ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ቦታ ያገኘ ወጣት ሁሉ ዓሣ የሚጠመድበት ኩሬ እያሰበ ነው። ከሰበታ፣ ከሆለታ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ እየመጣችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሐሳቡን በጣም እወደዋለሁ። የከተማ ሰው ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ይዞ መንጠቆ የሚጥልበት፣ ያወጣውንም እዚያው አስጠብሶ የሚበላበት ቦታ ያስፈልገዋል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአፈር ግድብና በቦይ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ንግዱን ለሚያውቁት ትቼ ስለ ውሃውና ስለ አፈሩ ልንገራችሁ።

አብዛኞቻችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ «ውሃ ከየት ላምጣ?» ብላችሁ ነው። እኔ ደግሞ «ውሃው በየት ይወጣል?» ብዬ እመልስላችኋለሁ። ውሃ ከኩሬ በአፈር ሰርጎ ይወጣል። በፀሐይ ተንኖ ይወጣል። በክረምት ሞልቶ ይፈሳል። ለማጽዳት ስትፈልጉ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ታስወጡታላችሁ። የእያንዳንዱን መውጫ ሳታውቁ ኤስካቫተር አትከራዩ። የማሽን ሰዓት ውድ ነው፤ እላዩ ላይ ቆሞ ማሰብ አይቻልም።

ከአፈሩ ጀምሩ። ከሣሩ በታች ያለውን አፈር አንድ እፍኝ ወስዳችሁ አርጥቡና አድበልብሉት። ወደ ላይ ወርውራችሁ ቅለቡት። ከተበታተነ አሸዋ በዝቶበታል። ሳይፈርስ እጃችሁ ላይ ካረፈ ደህና ነው። ግን በዚህ ብቻ አትርኩ። ኩሬው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ቦታ አስቆፍሩ። ጠዋት እስከ አፉ ውሃ ሙሉት። ማታ የጎደለውን መልሳችሁ ሙሉና በቅጠል ሸፍኑት። በማግስቱ ጠዋት አብዛኛው ውሃ ካለ አፈሩ ይይዛል። ከሌለ ወይ ቦታ ቀይሩ፣ ወይ ጂኦሜምብሬን የሚባለውን ውሃ የማያሳልፍ ላስቲክ ለመግዛት ተዘጋጁ።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ሜዳው በብዛት ጥቁር መረሬ ነው። እርጥብ ሳለ ውሃ ስለማያሳልፍ ሰው ያምነዋል። በጋ ሲገባ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ወለሉ ላይ ውሃ ስለማይለየው ለወለል ይሆናል። ለግድቡ ግን ከኮረብታው ሥር ቀይ ሸክላማ አፈር ካገኛችሁ እሱን አምጡ።

ትነቱን ሰው ሁሉ ይንቀዋል። እስቲ አብረን እናስላው። 20 በ30 ሜትር የሆነ ኩሬ 600 ካሬ ሜትር ነው። በበጋ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢተን 2,400 ሊትር ጠፋ ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የበልግ ዝናብ ካልደገፈው ወደ አንድ ሜትር ይወርዳል። ጥልቀታችሁ አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ ለዓሣው የሚተርፈው ጉልበት የማይደርስ ውሃ ነው። ስለዚህ በበጋ የሚጨምርላችሁ ምንጭ ወይም ጉድጓድ ከሌለ ኩሬውን አሳንሱና አጥልቁት። ሰፊ ኩሬ ፎቶ ላይ ያምራል፤ እኔ ግን ትንሽና ጥልቅ የሆነውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኩሬ የሚፈርሰው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በሰንዳፋ በኩል አንድ ግድብ እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ባለቤቱ ማስተንፈሻውን፣ ማለትም ትርፉ ውሃ የሚወጣበትን መንገድ፣ በአዲሱ ድልድል አፈር መካከል ቆርጦ ሠርቶታል። ከቀትር በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። መጀመሪያ ከማስተንፈሻው ጠርዝ ጣት የምታህል አፈር ተቦደሰች። ቀጥሎ ውሃው ቡናማ ሆነ። ከዚያ ጠርዙ እየተናደ ቦታው ሁለት ክንድ ሰፋ፤ ከሥር ያለው የጎረቤት ጤፍ ማሳ በጭቃ ተሸፈነ። ማስተንፈሻ የሚቀመጠው ከግድቡ ጎን፣ ማሽን ባልነካው ነባር መሬት ላይ ነው። ሰፊና ጥልቀቱ ያነሰ ይሁን። ሰርዶ ይብቀልበት። ዓሣው ከጎርፉ ጋር እንዳይሄድ ወንፊት አድርጉለት፤ ግን ቅጠል ሲዘጋው ሌሊትም ቢሆን ወጥቶ የሚያጸዳ ሰው ይኑር።

ግድቡን ስትሠሩ ሣሩንና ሥሩን ገፋችሁ አውጡ። በግድቡ መሃል፣ በርዝመቱ፣ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ቦይ ቆፍሩና በሸክላ አፈር ሙሉት። ከዚያ 20 ሴንቲ ሜትር እያነጠፋችሁ፣ ውሃ እየረጫችሁ በሩሎ ጠቅጥቁ። በአንድ ጊዜ የተቆለለ አፈር ውስጡ ባዶ ነው። የውስጡ ተዳፋት ለአንድ ሜትር ከፍታ ሦስት ሜትር ይውሰድ፣ የውጪው ሁለት። አናቱ ከውሃው ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል። ሰው ወንበር ዘርግቶ የሚያጠምድበት ስለሆነ ስፋቱ ከሁለት ሜትር አይነስ። ባሕር ዛፍ ግድቡ ላይም አጠገቡም አትትከሉ። ውሃውን ይጠጣል፣ ሥሩ ግድቡን ይሰነጥቃል፤ መንጠቆ የሚወረውረው ሰውም ክሩ ቅርንጫፍ ላይ ይያዝበታል። ማፍሰሻ ቱቦውን ከመሬት በታች ከወለሉ ዝቅተኛ ቦታ አስነሡ። ውስጥ ባለው ጫፍ በጎሚቶ (በቱቦ ማጠፊያ) የሚዞር ቀጥ ያለ ቱቦ ከገጠማችሁለት፣ እሱን በማዘንበል ብቻ ውሃውን የፈለጋችሁት ልክ ላይ ታቆሙታላችሁ።

ውሃ ከወንዝ የምትወስዱ ከሆነ ወንዙን አትዝጉ። በቦይ የሚበቃችሁን ጥለፉ፣ ደለሉ የሚቀርበት ትንሽ ጉድጓድም ከፊት አስቀድሙ። ከአቃቂ ወንዝ ግን በፍጹም! የከተማውና የፋብሪካው ቆሻሻ የሚወርድበት ውሃ ሰው የሚበላው ዓሣ ውስጥ መግባት የለበትም። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ለምትወስዱት ፈቃድ ወረዳውን ጠይቁ። ዓሣን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፣ እሱንም አንብቡት። ከገበሬ የተከራያችሁት መሬት ከሆነ ውሉ ይመዝገብ። ከወረቀቱ በፊት ግን ከእናንተ በታች ያሉትን ሰዎች አነጋግሩ። ከብቶቻቸው የት እንደሚጠጡ ጠይቁ። ከአጥሩ ውጪ የከብት ማጠጫ ገንዳ ሥሩላቸው። ሽማግሌዎቹ ቆፍሩ ሳይሉ አትቆፍሩ።

ስለ ዓሣው ባጭሩ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ሙቀት ይወዳል። 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲያገኝ ያድጋል፤ ውሃው በጣም ሲቀዘቅዝ መብላት ያቆማል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ይመቸዋል። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው ሱሉልታ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ግን ይጎሳቆላል። እዚያ ብርድ የሚችለውን ካርፕ አስቡ። ቆሮሶ ብቻውን ከገባ ቶሎ ቶሎ ይራባና ሁሉም ጣት ታህል ይቀራል። ወይ ወንድ ብቻ የሆኑ ጫጩቶች አምጡ፣ ወይ ትንንሾቹን የሚበላ አምባዛ ቀላቅሉ። ምክር ከፈለጋችሁ ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ቅርባችሁ ነው። ያምራል ብላችሁ እምቦጭ እንዳታስገቡ አደራ። ቆቃንና ጣናን ያስቸገረው እሱ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ልጆች ይመጣሉ። የእንግዳም የጎረቤትም ልጅ ይመጣል። ላስቲክ የለበሰ ኩሬ ያንሸራትታል፤ የገባ ልጅ መውጫ ያጣል። አጥር ሥሩ፣ በሩን ቆልፉ። ቋጠሮ ያለው ገመድ በየጥቂት ሜትሩ ከዳር እስከ ውሃው ውስጥ ዘርጉ። አየር የተሞላ የመኪና ካላማዳሪ ከረጅም ገመድ ጋር በግልጽ ቦታ ይሰቀል። ይህ ሁሉ ሳይኖር አንድም ቲኬት አትቁረጡ።

ግድቡን ከጥር እስከ ሚያዝያ ሠርታችሁ ጨርሱ፣ ክረምቱ ይሙላው። ጎርፉ አልፎ ማስተንፈሻው መቆሙን ካያችሁ በኋላ ጫጩት እዘዙ። ሲመጡላችሁ የላስቲክ ከረጢቱን ሳትፈቱ ኩሬው ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ አንሳፍፉት፣ የሁለቱ ውሃ ሙቀት ይቀራረብ። ከዚያ የኩሬውን ውሃ በጥቂቱ ጨምሩበትና ራሳቸው ዋኝተው ይውጡ። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅላችሁ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ስጧቸው። ማለዳ ዓሣው አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ሲያዛጋ ካያችሁ አየር አንሶታል ማለት ነው። ያን ቀን ምግቡን ተዉና ንጹሕ ውሃ ልቀቁበት።